አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ለምን ይንቀራፈፋል? ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

በደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ የምትገኘው ጀፕስታውን፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1886 በወርቅ መገኘት ምክንያት ከተቆረቆረች በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ከተመሠረቱት ቀደምት ሰፈሮች አንዷ ናት። ከእርሷ ወደ ምዕራብ፣ በመሃል ከተማው፣ ኢትዮጵያውያን «ጀፒ» የሚሉት የንግድ መንገድ ይገኛል። መንገዱ ዛሬ በይፋ የሚጠራው ራሂማ ሙሳ ተብሎ ቢሆንም በነጋዴው አንደበት አሁንም ጀፒ ነው። ቀድሞ የሐኪሞች መሥሪያ የነበረው ሜዲካል አርትስ የተባለው ሕንፃ ሳይቀር በኢትዮጵያውያን ሱቆች ተሞልቷል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ኮምፒውተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የሱቅ ሒሳብ ይያዝበታል፣ ደረሰኝ ይታተምበታል፣ የሠርግ ቪዲዮ ይቀናበርበታል።

በዚህ አካባቢ ሠርግና ልደት እየቀረጸ የሚተዳደር አንድ ወጣት ይታሰብ። ለወራት ካጠራቀመው ገንዘብ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ ካርድ ከየሱቁ እየመረጠ ይገዛል፤ ሃርድ ዲስኩን ከአሮጌው ኮምፒውተሩ ነቅሎ ይጠቀምበታል። ማታውን ገጣጥሞ ሲያበቃ ማሽኑ ይነሣል፤ ነገር ግን ለመከፈት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ መስኮቶቹ እያመነቱ ይከፈታሉ። ሙሽሮቹ ደግሞ ቪዲዮአቸውን ለቅዳሜ ይጠብቃሉ።

ምክር ሰጪ አይጠፋም። «ራም ጨምርበት» ይላል አንዱ ጓደኛ፤ «ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው» ይላል ሌላው፤ ሦስተኛው «ሻጩ አታሎሃል» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዕቃው ድክመት ሳይሆን፣ የተገዛው ዕቃ በተገዛበት አቅም እንዲሠራ አለመደረጉ ነው። የዕቃ ድክመት ገንዘብ ይጠይቃል፤ የአገጣጠምና የአሠራር ጉድለት ግን ብዙውን ጊዜ ካቻቢቴና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል።

መጠበቅና መለካት

ዊንዶውስ በአዲስ ማሽን ላይ በተጫነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ አንዳንዴም በመጀመሪያው ቀን፣ ኮምፒውተሩ ባለቤቱ የማያየው ብዙ ሥራ ይሠራል። ማሻሻያዎችን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ፋይሎችን ለፍለጋ እንዲመቹ ይመዘግባል፤ የጸረ ቫይረስ ፍተሻ ያካሂዳል። በዚህ ጊዜ መዘግየቱ ጤናማ ነው። ማሽኑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ፣ ማሻሻያዎቹ እስኪያልቁ ድረስ እንደበራ መተውና ከዚያ በኋላ መልሶ አስነሥቶ ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ችግሩ ከቀጠለ መለካት ይገባል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ሦስት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ «ታስክ ማኔጀር» የተባለው መስኮት ይከፈታል። በዚያ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ክፍል የፕሮሰሰሩን፣ የራሙን፣ የዲስኩንና የግራፊክስ ካርዱን ሥራ በየሰከንዱ ያሳያል። ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ቅጽበት ከአራቱ ወደ 100 በመቶ የደረሰው የትኛው ነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ውስጥ ይገኛል። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ፕሮሰሰሩ 10 በመቶ ላይ ከተኛ አዲስ ፕሮሰሰር መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

አንዳቸውም ሳይሞሉ ማሽኑ ከዘገየ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይታይ። ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ መሮጥ የሚችል ፕሮሰሰር ከባድ ሥራ እየተሰጠው 0.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ተቸንክሮ ከቀረ፣ አንድ ነገር ልጓሙን ይዞታል ማለት ነው። ልጓሙን የሚይዘው ሙቀት፣ የኃይል አቅርቦት ወይም የኃይል ቁጠባ ቅንብር ሊሆን ይችላል። ቅንብሩ በዊንዶውስ የኃይል ምርጫ ውስጥ ስለሚገኝ ለማየትም ለማስተካከልም የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ቢታይ ይበጃል።

አሮጌው ዲስክ በአዲሱ ቤት

የወጣቱ ኮምፒውተር ዋነኛ ጥፋተኛ ምናልባት ከአሮጌው ማሽን የመጣው ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ መርፌ መሰል ማንበቢያ አለው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ማንበቢያው ወደሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ የሚያጠፋው ጊዜ ሲጨመርበት አንዲት የተበተነች ፋይል ለማግኘት በአማካይ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ ዲስኩ በሰከንድ ማንሣት የሚችለው እዚህም እዚያም የተበተኑ አንድ መቶ ያህል ቁራጮችን ቢሆን ነው። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ የሚያነበው በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ከዚህ በኋላ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ሥራው መጠበቅ ይሆናል።

ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው የተበተኑ ፋይሎችን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ማንሣት ይችላል። ለአዲስ ኮምፒውተር ገንዘብ የሚወጣበት አንድ ቦታ ብቻ ቢኖር እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ አይጣልም፤ ያለቁ ቪዲዮዎች ማስቀመጫ ሆኖ ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። የሥርዓቱ መኖሪያ ግን ሊሆን አይገባውም።

ኤስኤስዲ መግዛትም የራሱ ወጥመድ አለው። ኤም ነጥብ 2 በመባል የሚታወቀው ቀጭን ዱላ መሰል ኤስኤስዲ በመልክ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቀድሞው ሳታ ሥርዓት የሚሠራና በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት አካባቢ የማያልፍ ነው። ሁለተኛው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሲሆን እንደ ትውልዱ 3,500 ወይም 7,000 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሳታው በወርቃማ ጥርሶቹ ላይ ሁለት ክፍተት፣ ኤንቪኤምኢው አንድ ክፍተት አለው፤ እርግጡን የሚነግረው ግን መለያው ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ነው። በርካሽ ኤስኤስዲዎች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ትልቅ ቪዲዮ ሲገለበጥ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ፍጥነቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ፈጣኑ ጊዜያዊ ማቆያው ስለሞላ ነው። ይህ ብልሽት ሳይሆን የርካሽነቱ ዋጋ ነው። ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ኤስኤስዲም ስለሚዘገይ ጥቂት ባዶ ቦታ ሊተውለት ይገባል።

ራም፦ መጠኑ ብቻ አይደለም

ስለ ራም ሲወራ የሚጠየቀው «ስንት ጊጋባይት ነው?» ተብሎ ነው። በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካና በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ማዘርቦርዱ ከራም ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መስመሮች አሉት። ሁለት ራሞች በትክክለኛው ቦታ ከተሰኩ ሁለቱም መስመሮች ይሠራሉ፤ ጎን ለጎን ከተሰኩ ግን አንዱ መስመር ሥራ ፈት ሆኖ ሊቀር ይችላል። አራት ቀዳዳ ባላቸው አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ላይ ትክክለኛዎቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠሩ ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። እርግጡን የማዘርቦርዱ መመሪያ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ከካርቶኑ ጋር የሚጣለው ያ ወረቀት ማለት ነው።

ሌላው ጉዳይ ፍጥነት ነው። ማሸጊያው ላይ 3,200 ተብሎ የተጻፈበት ዲዲአር4 ራም መጀመሪያ ሲነሣ ብዙ ጊዜ 2,133 ወይም 2,400 ላይ ይሠራል። ማዘርቦርዱ ከማንኛውም ራም ጋር የሚያስማማውን ዝቅተኛ መለኪያ ስለሚመርጥ ነው። የተከፈለበትን ፍጥነት ለማግኘት ባዮስ ውስጥ ገብቶ አንድ ቅንብር ማብራት ያስፈልጋል፤ በኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ኤክስኤምፒ፣ በአዳዲሶቹ የኤኤምዲ ማዘርቦርዶች ላይ ኤክስፖ ይባላል። ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ራም በ2,133 ሲሠራ በሰከንድ 17 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል፤ ሁለት ራሞች በ3,200 በሁለቱ መስመሮች ሲሠሩ 51 ጊጋባይት ይደርሳሉ። ይህ ማለት ግን ኮምፒውተሩ በሦስት እጥፍ ይፈጥናል ማለት አይደለም። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌለውና የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ በሚጠቀም ማሽን ላይ ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ምክንያቱም ሥዕሉም የሚሠራው ከዚያው ራም ነው። ቅንብሩ ከበራ በኋላ ማሽኑ በድንገት መጥፋትና ሰማያዊ ገጽ ማሳየት ከጀመረ ወደ ቀድሞው መመለስ ይሻላል።

በተሳሳተ ቀዳዳ የተሰካ ገመድ

የማያ ገጹ ገመድ ታሪክ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። በኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ ከማዘርቦርዱ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ከግራፊክስ ካርዱ። ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ምስሉ የሚወጣው ከፕሮሰሰሩ ደካማ ግራፊክስ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካርድ ሥራ ፈትቶ ፋኑን ያዞራል። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያበቃ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እንደሆኑት፣ ማያ ገጹ ጨርሶ ስለሚጨልም ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። የተሟላ ፕሮሰሰር የገዛው ሰው ግን ማያ ገጹ ስለበራለት ለወራት ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል።

ከዚሁ ጋር በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ ማያ ገጽ የገዛ ሰው ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ እስካላስተካከለው ድረስ ብዙ ጊዜ 60 ላይ እንደቀረ ልብ አይልም። የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨርም ከአምራቹ ድረ ገጽ በቀጥታ ሊጫን ይገባል።

ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንዳንድ ዘመናዊ ካሜራዎች ቪዲዮውን የሚያሽጉበት መንገድ፣ በተለይ ባለ 10 ቢቱ 4፡2፡2 የኤች.265 ዓይነት፣ በብዙ ግራፊክስ ካርዶች ውስጥ ልዩ ፈቺ የለውም። ፈቺ ከሌለ ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ውድ ማሽንም ይቆራረጣል። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ በርካታ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጠ ግራፊክስ ይህን መፍታት ይችላል፤ ኤንቪዲያ ደግሞ በአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ካርዶቹ ላይ አክሎታል። እንግዲህ ጥቂት ገንዘብ ለማዳን ያለ ውስጠ ግራፊክስ የሚሸጠውን ፕሮሰሰር የመረጠ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ ከሁሉ የሚጠቅመውን ክፍል ትቶ ገዝቷል ማለት ነው። መውጫው ቀላል ነው። የማቀናበሪያ ፕሮግራሞቹ «ፕሮክሲ» የሚሉትን ቀለል ያለ ቅጂ ሠርቶ በእርሱ ላይ ማቀናበር፣ በመጨረሻ ዋናውን ማውጣት ይቻላል። ይህ አንድም ሳንቲም አያስወጣም።

ሙቀትና የደጋው አየር

ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ተከታታይ ደግሞ 95 ዲግሪ ሲደርሱ ልጓሙን ይስባሉ። ቪዲዮ በሚወጣበት ጊዜ ወደዚህ መጠጋታቸው ያን ያህል አያስደነግጥም። ሥራ ሳይሰጣቸው 80 ዲግሪ ማለፋቸው ግን የስሕተት ምልክት ነው። ሙቀቱን ባዮስ ውስጥ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማየት ይቻላል።

በአዲስ ማሽን ላይ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የአገጣጠም ጉድለት ነው። ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ ይገጠማል፤ ላስቲኩ «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» እያለ የሚጮኸው ጽሑፍ ሳይቀር እዚያው ተጣብቆ ይገኛል። ከኢንቴል ጋር በሚመጣው ማቀዝቀዣ ላይ ያሉት አራት መቆለፊያዎች አንዱ ሳይነክስ ይቀራል። ቴርማል ፔስት የተባለው ቅባት ይረሳል። የፋኑ ገመድ ሳይሰካ ይቀራል፤ ወይም የሳጥኑ ፋኖች ሁሉ ወደ ውስጥ ብቻ እየነፈሱ ሙቁ አየር መውጫ ያጣል።

እዚህ ላይ የጆሃንስበርግ መልክዓ ምድር ይገባበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በተመሳሳይ ሙቀት፣ በጆሃንስበርግ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በ19 በመቶ ያህል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀልላል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው የአየር ክብደት ግን ያንሳል። በመሆኑም ያው ማቀዝቀዣ በደርባን የባሕር ዳርቻ ከሚያመጣው ውጤት ይልቅ በጆሃንስበርግ ፕሮሰሰሩን በጥቂት ዲግሪዎች አሙቆ ይተወዋል። (በደጋ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ፈልቶ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ የአየር መሳሳት ነው፤ መንገዱ ግን የተለየ ነው።) ከፍታው ብቻውን ጤናማ ኮምፒውተርን አያንቀራፍፍም። በዝቅተኛ ቦታ ይቅርታ የሚያገኘው ትንሽ የአገጣጠም ስሕተት ግን እዚህ ምሕረት ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ በደጋ ከተማ ለሚሠራ ማሽን ማቀዝቀዣውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ብክነት አይደለም። በክረምቱ መጨረሻ ነፋስ ሲነሣ ከአሮጌዎቹ የወርቅ ማዕድን ቁልሎች የሚመጣው አቧራም ማጣሪያዎቹን ስለሚደፍን በየጊዜው መጥረግ ይገባል።

መብራት ሲሄድ

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ማብቂያ ጀምሮ ለዓመታት በፈረቃ መብራት ስትጠፋ ኖራለች፤ በአገሩ «ሎድ ሼዲንግ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 መጨረሻ ወዲህ ፈረቃው በእጅጉ ቢቀልልም፣ በየሰፈሩ በኬብል ስርቆትና በብልሽት መብራት መሄዱ አልቀረም። ይህ ከፍጥነት ጋር የሚገናኘው ማሽኑ እየተጻፈበት ሳለ ሲጠፋ ነው። ማሻሻያ በግማሽ ይቀራል፤ የሥርዓቱ ፋይሎች ይበላሻሉ፤ በነጋታው ኮምፒውተሩ ዲስኩን እየፈተሸ ሰዓት ይፈጃል። ትናንት ደኅና የነበረ ማሽን ዛሬ ከተንቀራፈፈ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው በመካከሉ መብራት ሄዶ እንደነበረ ነው። የተበላሹ የሥርዓት ፋይሎችን ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ የሚጠግንበት ትእዛዝ አለው፤ «ኤስኤፍሲ ስካንናው» ተብሎ በአስተዳዳሪ ፈቃድ በትእዛዝ መስኮቱ ይጻፋል። ፋይል አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓቱ ለማጥፋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ዩፒኤስ ደግሞ በዚህ ከተማ ከግራፊክስ ካርድ ቀድሞ ቢገዛ አይቆጭም።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ አንድ ዕቃ በእርግጥ ጉድለት እንዳለበት ከታወቀ ጉዳዩ ወደ ሻጩ ይሄዳል። የደቡብ አፍሪካው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በተረከቡ በስድስት ወር ውስጥ የመመለስ መብት ይሰጣል፤ ይጠገን፣ ይቀየር ወይም ገንዘቡ ይመለስ የሚለውን የሚመርጠውም ገዢው ነው። የተጠገነው ዕቃ በሦስት ወር ውስጥ መልሶ ከተበላሸ ሻጩ መቀየር ወይም ገንዘቡን መመለስ ይኖርበታል። ዕቃው ጉድለቱ በግልጽ ተነግሮ የተሸጠ ከሆነ ግን ሁኔታው ይለያል። በጀፒ አካባቢ ብዙው ግብይት በመተማመን የሚካሄድ ስለሆነ ደረሰኝ መጠየቅ እንደ አለመተማመን ይቆጠር ይሆናል። ራሙ ወይም ኤስኤስዲው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ እዚያም ካልሠራ፣ ሻጩ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ያ ሙከራና ያቺ ደረሰኝ ናቸው።